ኑሪያና ጭራ አጭሯ ወፍ

መርሳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሁሉ፣ ክርስቲያኗም እስላሟም፣ አንድ ቀን ኑሪያ ጀብሪል ፊት ተቀምጣ ታውቃለች። ኑሪያ የሴቶች ፎቶ አንሺ ናት። ከኔ ቤት ጋር አጥሯ አንድ ነው። በአጥሩ መካከል አንድ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ እሱን ለመድፈን ባሌም ባሏም ስንት ጊዜ ተነሥተው፣ ሁለቱም ሳይደፍኑት ሞቱ። እኛም በዚያው ክፍተት ስንመላለስ አረጀን።

እኔ የጉባ ላፍቶ ልጅ ነኝ። ወልድያ አክስቴ ቤት ሆኜ እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩና ተዳርኩ። ደገኛ መርሳ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው፤ የመጀመሪያውን ግንቦት እንዴት እንደወጣሁት እግዜር ያውቃል። ኑሪያ ከኔ ኋላ ነው የመጣች፣ ከውርጌሳ፣ የዛኪር ሙሽራ ሆና። ዛኪር ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ነበረው። ደሴ ሄዶ የተማረ፣ ጠጉሩን በውሃ የሚያስተኛ፣ ለዘብ ያለ ሰው ነበር።

እሷ ሥራውን የጀመረችበትን ነገር ልንገራችሁ። ለመታወቂያም ለምንም የሚነሣ ጉርድ ፎቶ ጆሮ ማሳየት አለበት ይባል ነበር። የገጠር ሴቶች ይመጣሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዛኪር ቀስ ብሎ፣ «ሻሽሽን ወደ ኋላ አድርጊው፣ ጆሮሽ ይታይ» ሲላቸው ብድግ ብለው ይወጣሉ። አንዲት ከግራና በኩል የመጡ ባልቴት ጭራሽ፣

«ጆሮዬን ያየው አባቴና ባሌ ነው። አንተ ከየትኛቸው ነህ?» አሉት።

ማታ ይህንን እያወጋት ሲስቅ፣ ኑሪያ አልሳቀችም።

«እኔ ላንሣቸው» አለችው።

«አንቺ? ካሜራ እኮ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይወድም።»

«አንተን ሳገባ አልተንቀጠቀጠ፤ ለሳጥን ነው የሚንቀጠቀጠው?»

የመጀመሪያውን ፊልም ሙሉውን የሴቶቹን ራስ እየቆረጠች አነሣችው። ዛኪር ሌላ ፊልም አጎረሰላት። በወሩ ከፎቶ ቤቱ ጓሮ በመጋረጃ የተከለለች አንዲት ክፍል ተሠራች፤ ከዚያ ወዲያ ሴት ሁሉ ወደ መጋረጃው ውስጥ ሆነ። እኔም ብዙ ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። አነጋገሯን አሁንም እንደ ጸሎት አውቀዋለሁ። «ጆሮሽን አውጪ፣ የኔ እናት። አገጭሽን ትንሽ ዝቅ። እንደሱ። አሁን አትተንፍሺ።» ሴቶቹ እሺ ይሏታል። ከዚያ በፊት ማንም «የኔ እናት» ብሎ ያላዘዛቸው ይመስል፣ እሺ ይሏታል።

ዛኪር በሳንባው ታሞ ሲሞት ሥራው በሙሉ የሷ ሆነ። ከፎቶው ጀርባ ግን የሚመታው ማኅተም «ዛኪር ፎቶ» የሚለው ነው፤ ከሞተ አሥር ዓመት ካለፈውም በኋላ።

«ለምን የራስሽን አታስቀርጪም? ማነው አሁን የሚያነሣው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ማኅተሙ መች ደከመ፣ እት ጥሩወርቅ» አለች። ፊቷን ግን ወደ መጋረጃው አዞረች። ያኔ ነው የገባኝ። በሺ የሚቆጠር ሴት አንሥታ አንዱም ላይ ስሟ የለም፤ እሷም ይህንን ቆጥራዋለች።

ኋላ ልጆቹ ወደ ዐረብ አገር መሄድ ሲይዙ ሥራው በዛ። የወረዳችን የሀብሩ ልጅ ስንቷ ከዚያች ወንበር ተነሥታ ነው የሄደች። ከመካከላቸው የአንዷ መርዶ መጣ። ወላጆቿ ጉርድ ፎቶዋን ይዘው፣ ለለቅሶው አሳድጊልን ብለው ኑሪያ ዘንድ መጡ፤ ሌላ ፎቶ አልነበራትም። ኑሪያ አሳድጋ ሰጠቻቸው፤ አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም። ከወጡ በኋላ፣ «ትዝ ትለኛለች። ሻሿን ስታወልቅ አልቅሳለች። ፎቶው ላይ አይታይም» አለችኝ። 

ከዚያ ስልኩ መጣ፤ ሁሉም ራሱን በራሱ ያነሣ ጀመር። በዚያ ላይ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ፎቶ ቤቱ ተዘረፈ። መጋረጃውን ሳይቀር ወሰዱት። አንዲት ዲጂታል ካሜራ ብቻ ተረፈች፤ እሷም የተረፈችው በኔ ጎተራ ውስጥ፣ ማሽላ ስር ቀብረናት ነው። ኑሪያ ፎቶ ቤቱን መልሳ አልከፈተችም። ጠዋት ጠዋት ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በክፍተቱ ትሾልክና ወደ ኔ ጓሮ ትመጣለች። ባሌ የተከለው ብርቱካንና ማንጎ አለኝ፤ ከመርሳ ወንዝ የተጠለፈ ቦይም በመካከሉ ያልፋል። ጥላ ካለ፣ ውሃ ካለ፣ ወፍ አይታጣም። እሷም ወፍ ማንሣት ጀመረች።

«ምን ይሻልሻል፣ ወፍ ሻሽ የለው፣ ጆሮ የለው» እላታለሁ።

«አገጭህን ዝቅ አድርግ ሲሉትም አይሰማ» ትላለች።

ከሁሉ የወደደችው አንዱን ነው። እኛ ጭራ ረጅሙ ነው የምንለው፤ መጽሐፍ ላይ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል። ራሱ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ሰማያዊ ይጥላል፤ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት አለው። ጀርባው የበሰለ ሸክላ ነው የሚመስል። ጭራው ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ከራሱ ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን፣ እንደ ጥብጣብ የሚንሳፈፍ። አምና ሚያዝያ ማለቂያ ላይ በቦዩ ዳር ሲመላለስ አየነው። ኑሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ተከተለችው። አንዲት ያንኑ የመሰለች፣ ግን ደብዘዝ ያለች፣ ጭራዋ አጭር የሆነ ወፍ በየመካከሉ እየገባች ታስቸግራት ነበር።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ትላለች ኑሪያ።

«ሠራተኛው ትሆናለች» እላለሁ።

«እሽ! ሂጂ ከዚህ።» እጇን አወናጭፋ ታባርራታለች።

ያነሣችው የጭራ ረጅሙ ፎቶ በእውነት ያምር ነበር። አሳጥባ በረንዳዋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሰላም ያየችው እዚያ ነው። ሰላም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ስለ እንስሳት የተማረች ልጅ ናት፤ ለተማሪዎቿ ጉዳይ መርሳ መጥታ ጉርድ ፎቶ አስቸኳይ ፈልጋ ሰው ወደ ኑሪያ ላካት። ጉርዱን ተነሥታ ስታበቃ ከግድግዳው ፊት አልንቀሳቀስ አለች። ከዚያ ይዘናት ወደ ጓሮዬ ሄድን፤ ገና ከመድረሳችን ጣቷን ወደ ብርቱካኑ ቀሰረች።

«እማማ ኑሪያ፣ ጎጆ አላቸው እኮ። ያቻትና ሴቷ ተቀምጣለች።»

ከቅጠሉ ውስጥ፣ በሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፍ መካከል፣ በሸረሪት ድር የተጣበቀች የስኒ ያህል ጎጆ አለች። በላይዋ ያቺው ሠራተኛ ቁጭ ብላለች።

«ይቺ ሚስቱ ናት?» አለች ኑሪያ።

«ሚስቱ ናት። ሴቷ ጭራዋ አጭር ነው፣ መልኳም ደብዘዝ ይላል። ግን ተራ በተራ ነው የሚታቀፉት፤ ቆይተው ቢያዩ ወንዱም ይቀመጣል።»

ኑሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤቷ ሳባርራት ነው የከረምኩት፣ ወላሂ።»

ሰላም ሳቀችና ጉዳዩን ነገረቻት። በሀብሩ ትምህርት ቤቶች የሚሰቀል፣ ያገሩን ወፎች የሚያሳይ ትልቅ ፖስተር እያዘጋጀች ነው። ከእያንዳንዱ ወፍ ወንዱንና ሴቷን ጎን ለጎን ማድረግ ትፈልጋለች።

«ወንዱን የማያነሣው የለም፣ እማማ። ሴቷን ግን ፈልጌ አጣሁ። መልኳ ስለማይደምቅ ማንም አይለፋባትም። እስከ ሰኔ መግቢያ ካነሡልኝ ሁለቱንም የእርስዎን አወጣለሁ። ከፎቶዎቹ ሥር ስምዎ ይጻፋል።»

«ስሜ?»

«ኑሪያ ጀብሪል ተብሎ። በየትምህርት ቤቱ።»

ያን ቀን ኑሪያ በክፍተቱ ስትመለስ ቀና ብላ ስትሄድ አየኋት። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው።

ግንቦት ሲጋመስ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ሦስት። ኑሪያ በየቀኑ ከቦዩ ዳር በርጩማ ላይ እየተቀመጠች ሴቷን አነሣቻት፤ አንዱም አልሆነላት። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጎጆዋ ጨለማ ውስጥ ናት። እናቲቱ ስትመጣ የሚታየው አንድ ዓይንና ግማሽ ክንፍ ነው።

«ፍላሹን አብሪው» አልኳት።

«አላበራም። ለጨቅላ ዓይን ክፉ ነው። ሕፃን ታቅፋ ለመጣች ሴት እንኳ አላበራም ነበር።» ካሜራዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ጆሮዋ አልወጣም ነው ችግሩ። ትንሽ ቅጠል ብናነሣላት።»

እኔም መልካም መሰለኝ። የባሌን የቅርንጫፍ መቁረጫ አወጣሁላት። ጎጆዋ እንዳትናወጥ ቅርንጫፉን በሁለት እጄ ያዝኩ። ኑሪያ ቢስሚላህ ብላ አንዱን ቆረጠች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ብርሃኑ ገባ። ጎጆዋ እንደ ጥዋ ወለል ብላ ወጣች፤ ሦስቱ ጫጩቶች አፋቸውን ከፈቱልን።

«አሁን ጆሮሽ ወጣ፣ የኔ እናት» አለች ኑሪያ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ሲሆን የፈለገችው ነገር ሁሉ ተሟላላት። ጭራ አጭሯ ጎጆዋ ላይ ቆማለች። ሁለት ክንፎቿን ዘርግታለች፤ አፏን ከፍታለች፤ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋለች። የጀርባዋ ሸክላ መልክ፣ የራሷ ግራጫ፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለችው ቀጭን ሰማያዊ ክር፣ አንድም የተደበቀ ነገር የለም። ኑሪያ አሥር ያህል ጊዜ አነሣቻት። በካሜራዋ መስኮት ስታሳየኝ እጇ ተንቀጠቀጠ።

«እልፍ ሴት አንሥቻለሁ፤ እንዲህ የተቀመጠችልኝ የለችም» አለች።

«እየዘመረች ነው እኮ የተነሣችው። አፏን እዪው» አልኩ እኔ።

ፎቶውን ደግማ አየችው። ከዚያ ወፏን አየች። ያው እንደ ነበረች ናት፤ ክንፏን አላጠፈችም፣ አፏን አልዘጋችም፣ ከቦታዋ አልተነሣችም። ቆየን። ጓሮው ጸጥ ብሏል። የቦዩ ውሃ ብቻ ነው የሚሰማ።

«ድምፅ የለም» አለች ኑሪያ። «እት ጥሩወርቅ፣ ይቺ ወፍ እየዘመረች አይደለም።»

ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይመታ ነበር። የመርሳ የግንቦት ፀሐይ በቆረጥነው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ጎጆዋ ላይ ወርዷል። ወፏ ክንፏን የዘረጋችው ለልጆቿ ጥላ ልትሆን ነው። ጫጩቶቹ ከስሯ አንገታቸው ወድቋል። ምግብ ፍለጋ አትሄድ ነገር፣ ትታቸው ከሄደች ፀሐዩ ይበላቸዋል።

ኑሪያ እየሮጠች ጃንጥላ አመጣች። ከላይ ልትይዝላቸው ስትጠጋ ወፏ ደንግጣ በረረች። ጃንጥላውን ይዘን ከቆምን እናቲቱ አትመለስም። ትተን ከሸሸን ፀሐዩ አለ። ኑሪያ ጃንጥላውን ዘርግታ እንደ ቆመች፣ እንባዋ ሳይሆን ላቧ ነበር በአገጯ የሚወርደው፤ ወይም ሁለቱም፤ እንጃ። እኔ ያንን ሳይ የቆረጥናቸው ቅርንጫፎች መሬት ላይ ወድቀው አየሁ። ከቤት የልብስ ስፌት ክር አመጣሁ። አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው አሰርናቸው። ፀሐዩ ተዘጋ። ሄደን አጥሩ ስር ተቀመጥን።

ሴቷ አልመጣችም። ጠበቅን። መጀመሪያ የመጣው ጭራ ረጅሙ ነው። በአፉ የያዛትን ትል አጉርሶ እዚያው ጎጆዋ ላይ ተቀመጠ፤ ጭራው ከጎጆዋ አልፎ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ሌላ ቀን ቢሆን ኑሪያ ይህንን ለማንሣት ነፍሷን ትሰጥ ነበር። ካሜራውን ከአንገቷ አውልቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ሴቷ የተመለሰችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከሦስቱ ትንሹን ከዛፉ ስር አገኘነው። ገና ላባ ያላወጣ፣ አንድ ፍሬ ነገር ነው። ኑሪያ መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«አስተግፊሩላህ» አለች። «ገላውን አሳየኝ ብዬ የገደልኩት ነው ይሄ።»

«ወፍ ብዙ ይወልዳል፣ ብዙም ይሞትበታል፣ ኑሪያ።»

«ይሄ ግን በኔ ነው የሞተው።»

የታሰረ ቅጠል በማግሥቱ ይጠወልጋል። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ወፎቹ ራቅ ሲሉ ጠብቀን፣ ከሌላ ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ እየቆረጥን እንቀይራለን። ዘጠኝ ቀን። በዘጠኙም ቀን ካሜራው ከቤት አልወጣም። እኔ ሰላም የቀጠረችው ቀን እየደረሰ መሆኑን አስታወስኳት፤ ከሩቅም ቢሆን አንድ ሁለት እንድታነሣ ለመንኳት። «አሁን ዓይኔን ስታይ ትሸሻለች» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ሁለቱ ጫጩቶች ጎጆዋን ለቀው ቅርንጫፉ ላይ ወጡ። በአሥረኛው ቀን አልነበሩም። እናትና አባታቸውም አብረው ወደ ወንዙ ማዶ ተሻግረዋል።

ሰላም በሰኔ ሁለት ደረሰች። የሴቷን ፎቶ ስታይ ከበርጩማው ተነሣች።

«እማማ ኑሪያ፣ እኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። የእናት ፎቶ ነው። ከወንዱ ይበልጣል።»

«አጥፊው» አለች ኑሪያ።

«ምን አሉኝ?»

«ላሳይሽ አልኩ እንጂ ልሰጥሽ አይደለም። ክንፏን ለምን እንደዘረጋች አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። አፏንም።»

ሰላም ፎቶውን አቅርባ አየችው። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ሙቀት ነው» አለች።

«ሙቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅጠሏን ቆረጥኩባት። አንዱ ልጇ ሞተ።»

 ሰላም ቀስ ብላ፣ «ሌላ የሴት ፎቶ የለኝም። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ ዓርብ ነው። የሆነውን ማንም አያውቅም» አለች።

«ወፏ ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ። ስሜ የሚወጣ ከሆነ በእንደዚህ ያለ ነገር ላይ አይውጣ። ይቅርብኝ።»

ይህንን ስትል ድምፅዋን አልሰማችሁት። እንዲህ የፈለገችው ነገር በዕድሜዋ አልነበረም። ሰላም ካሜራውን መለሰችላት፤ ልትሄድ ቦርሳዋን አንሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልበልዎ፣ እማማ፤ እንዳይቆጡኝ። ይህ ፖስተር ሲሰቀል ተማሪዎቹ በየጓሯቸው ጎጆ ይፈልጋሉ። ሁሉም ስልክ አለው። እነሱም ቅጠል ይቆርጣሉ። እኔ አትቁረጡ ብዬ ብጽፍ የአስተማሪ ወሬ ነው፣ አያነቡትም።»

ኑሪያ መሬት መሬት አየች። እጇ በካሜራው ማንጠልጠያ ላይ ይጫወት ነበር።

«እንግዲያው ጻፊው» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ያደረግኩትን። ፎቶውን አውጪውና ከሥሩ ያደረግኩትን ጻፊ።»

«ስምዎንስ ልተወው?»

«ስም የሌለውን ጥፋት ማን ያምነዋል? ጻፊው።»

ፖስተሩ መስከረም ላይ መርሳ ትምህርት ቤት ተሰቀለ፤ ኑሪያና እኔ ሄደን አየነው። ጭራ ረጅሙ በግራ፣ ጭራ አጭሯ በቀኝ ናት። ከሥሯ እንዲህ ይላል፦ «ሴቷ። ፎቶ አንሺዋ ቅጠሉን ስለቆረጠች ፀሐይ በዝቶባት፣ ክንፏን ለልጆቿ ጥላ አድርጋ። ከሦስቱ አንዱ ሞቷል። ከጎጆ አጠገብ ቅጠል አትቁረጡ። ፎቶ ኑሪያ ጀብሪል።» ኑሪያ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ቆመች። ከጎናችን ሁለት ሴት ተማሪዎች ያነቡ ነበር።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሴትዮ ናት» አለች አንደኛዋ።

«እኔ ነኝ» አለች ኑሪያ።

ልጅቷ ደንግጣ የምትገባበት አጣች፤ ይቅርታ ይቅርታ ማለት ጀመረች።

«ምንም አላጠፋሽ። ልክ ነሽ። ስታነሺ ከሩቅ ሁኚና አንሺ» አለቻት። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ መራችኝ።

እሷ «ያደረግኩትን ጻፊ» አለች እንጂ «ያደረግነውን» አላለችም። በዚያን ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ሰምቼ ዝም አልኩ። መቁረጫውን ከቤቴ ያወጣሁት፣ ጎጆዋ እንዳትናወጥ ቅርንጫፉን በሁለት እጄ የያዝኩት፣ ጭንቋንም ዝማሬ ነው ያልኩት እኔ ጥሩወርቅ ማሩ ነኝ። ፖስተሩ ላይ ስለሌለ እዚህ ጻፍኩት።